ራስ ምታት ለሚመላለስባችሁ፦ ደብተር ያዙ

ጎንደር ውስጥ «ራሴን አመመኝ» ካላችሁ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ዳማከሴ ነው። «ምች ነው» ይሏችኋል። እኔም ስንት ዓመት ሻሼን ጠምጥሜ ጨለማ ቤት ተኛሁ።

ሐኪም ዘንድ ስቀርብ «በወር ስንት ቀን ያምሻል?» ተባልኩ። አፌ ተያዘ። «ብዙ ጊዜ» አልኩ። በ«ብዙ ጊዜ» ምን ይታከማል?

ከዚያ ከልጄ የተረፈ ደብተር አነሳሁ። ያመመኝን ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ (ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታት ዓይነት ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል)፣ አንድ ጎኔን ይሁን ሁለቱንም፣ ማቅለሽለሹን፣ ብርሃን መጥላቱን፣ እንቅልፌን፣ የወር አበባዬን ጻፍኩ። በሁለት ወር ነገሩ ተገለጠ። አንዱ ጣጣ ጾም ላይ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ቡናዬ ሲቀርብኝ። ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። አሁን ጾሙ ሳይገባ ሲኒውን ቀስ እያልኩ እቀንሳለሁ።

የዋጣችሁትን ኪኒን መጻፍ ደግሞ እንዳትዘሉ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። የኔን ስቆጥር 18 ቀን! ሐኪሙም ደብተሩን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለዚሁ ነው።

ግን ሕመሙ ድንገት እንደ መብረቅ ከመታችሁ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደብተሩን ተዉት። ባጃጅ ጠርታችሁ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።