ርካሽ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከመግጠም በፊትና በሚገጠምበት ጊዜ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ የሞተሩን መርዛማ ጋዝ የሚያጣራ ዕቃ ነው። የሞተር መብራት በርቶ የምርመራ መሣሪያው ፒ0420 የሚለውን፣ ማለትም ኮንቨርተሩ በሚገባ እንደማያጣራ የሚጠቁመውን ኮድ ሲያሳይ ወዲያውኑ ኮንቨርተር መግዛት አይገባም፤ ከመጋጠሚያ የሚያፈስ ጭስ ወይም የደከመ የኦክስጅን ሴንሰር ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ እነዚህን መመርመር ያስፈልጋል። ዘይት የሚበላ ወይም ሻማው በትክክል የማያቀጣጥል ሞተርም ሳይጠገን ከቀረ አዲሱን ዕቃ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል።

በአሜሪካ የሚኖር ባለመኪና ከሁሉ አስቀድሞ ዋስትናውን ይመልከት፤ የፌዴራሉ ሕግ ለዋናው ኮንቨርተር የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና እንዲሰጥ አምራቹን ስለሚያስገድድ፣ ጊዜው ካላለፈ በነፃ ከሚተካው የሚረክስ አይገኝም። በካሊፎርኒያ ከመኪናው አምራች ዕቃ ሌላ የሚገጠመው ደግሞ የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቀደውና የፈቃድ ቁጥሩ በአካሉ ላይ የታተመበት ብቻ ነው። የርካሹ ዕቃ ዋጋ የሚቀንሰው በአብዛኛው ውስጡ ያሉት ጋዙን የሚያጣሩ ውድ ማዕድናት (ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም) አነስተኛ በመሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም የረከሰውን መምረጥ፣ በእኔ ግምት፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት መዘጋጀት ነው።

ሥራው የሚጀመረው የጭስ ማውጫው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። በክሪክ የተነሣው መኪና በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ሳይደገፍ ከሥሩ መግባት ለሞት ያደርሳል። በዛጉት ብሎኖች ላይ ዝገት አላቃቂ ዘይት ነፍቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ሴንሰሮቹን ፈትቶ ኮንቨርተሩን ማውረድ ይቻላል፤ በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ግን ለበያጅ መስጠት ይሻላል። አዲሱ በአዲስ ጋስኬት ሲገጠም በላዩ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ማመልከት አለበት፤ ብሎኖቹም የሚጠብቁት ሁሉም በእጅ ከያዙ በኋላ ነው። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥቶ ከመጋጠሚያዎቹ ጭስ እንደማይወጣ አረጋግጦ ኮዱን ማጥፋት ነው።