ኮሪያ እየኖራችሁ ዊኬንዳችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

ኮሪያ የመጣ ሐበሻ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከዶርም ላቦራቶሪ ከላቦራቶሪ ዶርም ሲመላለስ ይከርምና አንድ ቀን ኢንስታግራም ላይ የሆነ ፌስቲቫል አይቶ "በቃ ቅዳሜ እንሂድ" ይላል። መሄዱ ደስ ይላል፣ ግን ያለን ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነገር ከተዛነፈች አንዱ ቀን ጣቢያ ላይ ያልቃል። ደጋግሜ የማያቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛው "ጣቢያ ሄጄ የተገኘውን እሳፈራለሁ" ማለት ነው። የትኛው ጣቢያ? ሴኡል ውስጥ ባቡር ከአንድ ቦታ አይነሳም። የቡሳኑ ፈጣን ባቡር፣ ኬቲኤክስ የሚሉት፣ ባብዛኛው ከሴኡል ጣቢያ ነው፣ የጆንጁና የሞክፖው ከዮንግሳን፣ ኤስአርቲ የሚባለው ሌላው ፈጣን ባቡር ደግሞ ዋና መነሻው ወዲያ ሱሶ ነው፣ የቹንቾኑ ባቡር አይቲኤክስ ከዮንግሳንና ከቾንግኒያንግኒ። አውቶብሱም ያው ነው፣ የጋንግናሙ ኤክስፕረስ ተርሚናልና ዶንግ ሴኡል ተርሚናል የተለያየ ሰፈር ናቸው። ቲኬቱ ላይ መነሻውን አንብቡ። ሰዓቱንም በፈረንጅ ተነጋገሩ እባካችሁ፣ ግሩፕ ላይ አንዱ "3 ሰዓት እንገናኝ" ብሎ ይጽፋል፣ ግማሹ ጠዋት ይመጣል ግማሹ ከሰዓት፣ ባቡሩ ደግሞ "መንገድ ላይ ነኝ" የሚባል ነገር አያውቅም በደቂቃው ይሄዳል። ለመንገድ ደግሞ ጉግል ማፕን አትመኑ፣ በካርታ ዳታ ህጉ ምክንያት እዚህ አገር የእግርና የመኪና መንገድ በማሳየት ለዓመታት ደካማ ሆኖ ነው የኖረው፣ ኔይቨር ማፕ ወይ ካካኦ ማፕ ጫኑ።

የአምናውን ቀን ይዞ መውጣትም አለ። ሶላል (አዲስ ዓመታቸው)፣ ቹሶክ (የመኸር በዓላቸው)፣ የቡድሃ ልደት ሁሉም በጨረቃ አቆጣጠር ስለሆኑ እንደኛ ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ። ከቡድሃ ልደት በፊት ሴኡል ላይ የሚደረገው የፋኖስ ሰልፍ፣ ዮንዱንግሄ የሚሉት፣ 2020 ላይ ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ቀኑን ሳያጣራ የሚያመልጠው ሰው ብዛቱ! ሶላልና ቹሶክ ላይ ደግሞ "ረጅም እረፍት አገኘን ቡሳን እንውረድ" ብላችሁ እንዳትነሱ። አገሩ በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ነው የሚሄደው፣ የባቡር ቲኬቱ ቀደም ብሎ ተሽጦ ያልቃል፣ መኪናው መንገድ ላይ ተኮልኩሎ ይውላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እነዛን ቀናት ሴኡል መቅረት ነው፣ ከተማው ጭር ይላል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤተ መንግስቶቹንም በነዚህ በዓላት በነጻ ያስገባሉ።

የቼሪ አበባ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም የፌስቲቫሉን ቀን ሰው ያወጣዋል አበባው ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚፈነዳው። 2024 ላይ ሶክቾ ከተማ ድግሱን ደግሶ አበባው እምቢ ስላለው ህዝቡን ይቅርታ ጠይቆ ሁለተኛ ዙር ለማድረግ ተገዷል። ጂንሄም የምትሄዱ ከሆነ፣ ያው የባህር ኃይሉ ከተማ፣ ሆቴል ቀድማችሁ ያዙ ግን መሰረዝ የሚቻለውን ያዙ፣ የአበባውን ትንበያ በየቀኑ እያያችሁ።

ቦርዮንግ የጭቃ ፌስቲቫል ላይ በነጭ ስኒከር የሚመጣ ሰው አለ። እያወራን ያለነው ስለ ጭቃ ነው እኮ። ነገሩ 1998 ላይ የጀመረው ከአካባቢው ጭቃ የሚሰሩትን ኮስሜቲክስ ለማስተዋወቅ ነው፣ አሁን ዴቾን ባህር ዳርቻ ላይ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ከየአገሩ የመጣ ሰው ይንቦራጨቃል። የሚጣል ልብስ፣ መቀየሪያ፣ ለስልክ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ በቃ። ኮንታክት ሌንስ ካላችሁ አውጡት። ወቅቱ ዝናብም ነው።

ክረምታቸው ላይ ደግሞ ሁዋቾን አለ፣ በረዶውን ቀዶ ዓሳ ማጥመድ፣ ጥር ላይ። "የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብርድ አልፈራም" የሚል ጓደኛ አይጠፋም፣ እሱ ነው መጀመሪያ ሙቅ ሻይ ፍለጋ የሚጠፋው። ከዜሮ በታች 10 እና ከዛ በላይ በሚወርድበት ቦታ በረዶ ላይ ቆማችሁ ነው የምትውሉት፣ የጥጥ ካልሲ አይረባም፣ ከሱቅ የሚሸጠውን ትንሿን ማሞቂያ ጫማ ውስጥ ክተቱ። ይቺ የገጠር ወረዳ በነገራችን ላይ የኮሪያ ዘማቾቻችንን የልጅ ልጆች በስኮላርሺፕ የምታስተምር ናት፣ ይሄን ሳያውቅ ዓሳ ብቻ በልቶ የሚመለስ ሐበሻ ያናድደኛል።

የምግቡ ነገር ረዘም ይላል። አሳማ የማይበላ ሰው ፌስቲቫል ላይ "ሥጋ የለውም" ሲባል አምኖ ይገዛል፣ ኪምባፑ (በባህር ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ) ውስጥ ግን ሃም አለ፣ ማንዱው (በሊጥ የተጠቀለለው) ባብዛኛው አሳማ ነው፣ ጥቁር መረቅ ያለው ኑድል ጃጃንግምዮንም እንደዛው፣ ሱንዴ የሚሉት ደግሞ ደም የተሞላ አንጀት ነው። ስለ ሥጋ ብቻ አትጠይቁ፣ አሳማ፣ ሃም፣ ደም እያላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ጾመኛ ከሆናችሁ ጎመኑ ራሱ ያታልላችኋል፣ ኪምቺ ውስጥ ብዙ ጊዜ በጨው የተቀመጠ ሽሪምፕ ወይ የዓሳ መረቅ ይገባል፣ የቶክቦኪው (የሚያቃጥለው የሩዝ ሊጥ) መረቅም ከዓሳ ነው የሚፈላው። ዓሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቼዋለሁ፣ እኔ የምለው እያወቃችሁ ብሉት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ኢቴዎን መስጊዱ አካባቢ ሐላል ቤቶች አሏቸው፣ ፌስቲቫል ላይ ግን ምሳ ቋጥሮ መሄድ ነው የሚያዋጣው። የሚገርመው ለጾመኛ የሚመቸው ቦታ የቡድሃ ገዳም ነው፣ ሥጋ የለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ቴምፕል ስቴይ የሚባለው ገዳም ውስጥ የማደር ፕሮግራም ከ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተ ነው፣ ስርዓታቸው ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ እረፍት ብቻ የሚለውን ፕሮግራም ምረጡ፣ ሳያዩ ተመዝግቦ ሌሊት ለስግደት ሲቀሰቀስ የሚደነግጥ አለ።

ጄጁ ደሴት ባለው ሃላሳን ተራራ ላይ የምሰማው ንቀትም አለ። "አዲሳባ 2,300 ሜትር ላይ አድገን 1,947 ምን ይሆናል?" ከፍታው ምንም አይላችሁም፣ እግራችሁ ነው የሚለው። ሶንግፓናክ በሚባለው መንገድ በኩል መሄጃው ብቻ 9.6 ኪሎሜትር ነው፣ ጫፍ ለመውጣት ቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው፣ እኩለ ቀን አካባቢ መቆጣጠሪያው ጋ ካልደረሳችሁ ደግሞ ይመልሷችኋል። ከሴኡል ተበሮ ተሂዶ መሃል መንገድ ላይ መመለስ ያማል።

መኝታ ቆጥቦ ጂምጂልባንግ፣ ማደር የሚቻልበት የህዝብ መታጠቢያና የሙቀት ቤት፣ ማደር ብልህነት ነው፣ ግን መታጠቢያው ጋ ዋና ልብስ ለብሳችሁ እንዳትገቡ፣ ወንዱም ሴቱም በየክፍሉ ራቁቱን ነው የሚታጠበው። ካፈራችሁ ሌላ ማደሪያ ፈልጉ።

ሁሉም የሚሰራት ደግሞ ቹንቾንን "ቅርብ ናት፣ እሄዳለሁ" እያሉ ማቆየት ናት። ወይ ይሄዱና ናሚ ደሴት ፎቶ ተነስተው፣ ዳክካልቢ (የሚያቃጥል የዶሮ ጥብስ) በልተው ይመለሳሉ። እዛው ከተማ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር 1968 ላይ ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀ የቃኘው ሻለቃ ሐውልት አለ፣ አጠገቡ 2007 ላይ የተከፈተ የዘማቾቻችን መታሰቢያ አዳራሽ፣ ጣሪያው የኛን ጎጆ ቤት የመሰለ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ከዛው ከ1968 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስም የሚሰራ ቡና ቤት። ቡናው ለኛ አፍ ሊቀጥን ይችላል፣ ተቀምጣችሁ ጠጡት ግን። 1951 ላይ ቡሳን ወደብ የወረዱት ወታደሮች ፎቶ ውስጥ የአያቱን ሻለቃ የሚፈልግ ሰው እዛ አይጠፋም፣ ስለዚህ አዳራሹን በሩጫ አትዩት፣ ናሚን ለሌላ ቀን አድርጉት። የመመለሻ ቲኬቱን ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ቁረጡ፣ እሁድ ማታ አይቲኤክሱ ይሞላል፣ ካልሆነም የሴኡል ሰብዌይ እዛ ድረስ ይመጣል፣ ብቻ መቀመጫ ማግኘታችሁን እንጃ።