ለግብር ድርድር ስትቀመጡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ላይ ነጋዴው ተወካይ መርጦ ከግብር ሰዎች ጋር ሲቀመጥ፣ ዋናው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ በራሱ በነጋዴው መካከል ነው። አንዱ "አቋማችን ይሄ ነው፣ ንቅንቅ የለም" ይላል። ሌላው "ኧረ የተገኘውን እንያዝ" ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። እሱም ግን ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ስህተት ቁጥርን መርህ ማድረግ ነው። ከደመወዝ ላይ ግብር የማይቆረጥበትን ጣሪያ እዩት። ድሮ 150 ብር ነበር። በ2008 600 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 2000። "ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ግብር አይከፍልም" ማለት መርህ ነው። 2000 ግን ቁጥር ነው። "አነሰ፣ አንቀበልም" ብሎ ስብሰባ ረግጦ የሚወጣ ተደራዳሪ ሠራተኛውን 600 ላይ ይተወዋል፤ የጤፍ ዋጋ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። እኔ ብሆን 2000ውን ይዤ፣ ጣሪያው በየጊዜው ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲከለስ ሕጉ ውስጥ ይግባ ብዬ እሟገታለሁ።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላው ወገን የሚፈራውን አለመስማት ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ጎጃም ይበቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ለአዲስ አበባ ሹሞች ዘመናዊ ግብር ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲታይም ክፉ አልነበረም። ለገበሬው የታየው ግን ሌላ ነው። ገማች ከመጣ መሬት ይለካል፣ ከተለካ ርስት ይሄዳል፣ ባለርስቱም ገባር ይሆናል። ስለዚህ አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ። በኋላ ግን ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት "በርስትህ አንመጣም" የሚል የሚታመን ቃል ቢሰጥ ኖሮ መነጋገር ይቻል ነበር ባይ ነኝ። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ነጋዴውን ሲያስቆጣም፣ ጥያቄው "ስንት ፐርሰንት?" ብቻ አልነበረም። "ማን ገመተኝ? በምን ዓይቶ?" የሚልም ነበረበት።

በአደባባይ መማልም አለ። አሜሪካዊው ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 "አዲስ ግብር የለም" ብለው ማሉ። በ1990 የበጀት ጉድለት ሲያስጨንቃቸው ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተስማሙ፤ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ28 ወደ 31 በመቶ ወጣ። ስምምነቱ ምክንያታዊ ነበር፤ የጎዳቸው መሐላው ነው። በ1992 ምርጫ ተቀናቃኞቻቸው ያንኑ ቃል እያነሱ ወጓቸው። እናንተም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት "አንድ ሳንቲም አንጨምርም" አትበሉ።

"የተገኘውን እንያዝ" ባዩስ? የሱ ስህተት የወከለውን ሰው ሳያማክር እሺ ማለቱ ነው። ያኔ "ተሸጠ" ቢባል አይፈረድም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ ቃለ ጉባኤ ሳታስፈርሙ አትውጡ። ዛሬ የተስማማችሁት ኃላፊ ነገ ሊዛወር ይችላል። አዲሱ የሚጠይቃችሁ ወረቀት ነው።