300 ፎቶ አንድ በአንድ ከመነካካት፣ ፎቶሾፕን ራሱን ማሠራት

300 ፎቶ አለ እንበል። ሁሉም መጠናቸው መቀነስ አለበት፣ ትንሽ ሻርፕ መደረግ (ጠርዛቸው ጥርት ማለት) አለባቸው፣ ጥጋቸው ላይ ሎጎ ይገባል፣ ከዛ ጄፔግ ሆነው ይቀመጣሉ። ለአንዱ 40 ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ሲደመር 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ያውም ከወንበር ሳትነሱ፣ ስልክ ሳታዩ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና ከመቶኛው በኋላ ማንም በትክክል አይሠራም። ሎጎው አንዱ ላይ ከፍ ይላል፣ አንዱ ላይ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ላይ ጭራሽ ይረሳል።

ፎቶሾፕ ይሄን ጣጣ የሚረከብ ነገር ከያዘ ቆይቷል። አክሽን ይባላል፤ በ1996 ከወጣው ቨርዥን 4 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፎቶ ላይ ስትሠሩ ይቀርጻል፣ ከዛ በሌሎቹ ላይ ይደግመዋል። ግን አክሽን የሚቀርጸው ያያችሁትን ሳይሆን የነካችሁትን ነው። «ሎጎውን ታች ጥግ አድርገው» ማለት አይገባውም፤ እሱ የሚያውቀው ይሄን ያህል ፒክስል ወደ ቀኝ፣ ይሄን ያህል ወደ ታች መሄዱን ብቻ ነው። ብዙ ሰው አክሽን ሞክሮ «ባክህ አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ሪከርድ ማድረጉ ምንም አይደለም፣ ዋናው ነገር ለየትኛውም ፎቶ በሚሆን መንገድ ሪከርድ ማድረጉ ነው።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት፦ ዓይን የሚፈልግ እና እጅ ብቻ የሚፈልግ። የብርሃን ማስተካከያ፣ ዋይት ባላንስ፣ ክሮፕ፣ የፊት ማጽዳት ዓይን ይፈልጋሉ። እነዚህን አክሽን ውስጥ አታስገቡ። ለአንዱ ያማረ ከርቭ (የብርሃን ማስተካከያ መስመር) ለቀጣዩ ፊት ማጥቆሪያ ሊሆን ይችላል። ለቀለምና ለብርሃን ላይትሩም ወይም ካሜራ ሮው የሚባሉት የፎቶ ማስተካከያዎች ይሻላሉ። በአንድ ብርሃን ከተነሱት ውስጥ አንዱን በደንብ አስተካክሉ፣ የቀሩትን አብራችሁ ምረጡ፣ ሲንክ በሉት፤ የአንዱን ማስተካከያ ለሁሉም ይቀዳል። ሲንክ ስትሉ የሚመጣውን ዝርዝር ዝም ብላችሁ ኦኬ አትበሉ፤ ክሮፕና የጠባሳ ማጥፊያው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ አለበለዚያ የአንዱ ሰው ጉንጭ ላይ የነበረ ማስተካከያ የሌላው ሸሚዝ ላይ ያርፋል። ላይትሩም ኦሪጅናሉን አይነካም፣ ማስተካከያውን ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ባትወዱት መመለስ ይቻላል። የተቀረው፣ ማለትም መጠን፣ ሻርፕ፣ ሎጎ እና ማስቀመጥ፣ የአክሽን ድርሻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ፎልደር አዘጋጁ። አንዱ የሚገቡት ፎቶዎች ኮፒ፣ ሌላው ባዶ፣ ውጤቱ የሚወርድበት። ኦሪጅናሉ ላይ ባች ማስኬድ፣ ማለትም አክሽኑን ሙሉ ፎልደር ላይ መልቀቅ፣ ሁሉንም ባንዴ የማበላሸት ዕድል ማግኘት ማለት ነው።

አሁን አንድ ፎቶ ክፈቱ። ዊንዶው ከሚለው ሜኑ አክሽንስን ምረጡ፣ ወይም ኦልት እና ኤፍ9 ተጫኑ፣ ማክ ላይ ኦፕሽን እና ኤፍ9። መጀመሪያ ሴት (Set፣ አክሽኖች የሚሰበሰቡበት ፎልደር) ፍጠሩ፣ ውስጡ አዲስ አክሽን፣ ስሙንም ሰው የሚገባው አድርጉት። «አክሽን 1» ብላችሁ ከተዋችሁት ከወር በኋላ ራሳችሁም አታውቁትም። ሪከርድ ስትሉ ክቡ ይቀላል። እዚህ ጋ አትደንግጡ፣ ጊዜ አይቆጥርም። መሀል ላይ ግማሽ ሰዓት ብታስቡም አክሽኑ ውስጥ አይገባም፣ የሚገባው የምትሰጡት ትእዛዝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የቀለም ሞድ ይሁን። ፋይል ሜኑ ውስጥ አውቶሜት የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ ኮንዲሽናል ሞድ ቼንጅን ምረጡና ከየትኛውም ሞድ ወደ አርጂቢ እንዲቀይር ንገሩት። ፎልደሩ መሀል አንድ ግሬይስኬል (ጥቁርና ነጭ) ወይም ሲኤምዋይኬ (ለህትመት የሚሆን) ፎቶ ከተደበቀ ይሄ ያድናችኋል። ቀጥሎ ኤዲት ውስጥ ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል ገብታችሁ ኤስአርጂቢ አድርጉት፣ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢሜጅ ሳይዝ ገብቶ ስፋቱን 2000 ይላል። በአግድም የተነሳው 6000 በ4000 የሆነ ፎቶ 2000 በ1333 ይሆናል፣ ጥሩ። ያው ካሜራ በቁም ሲያነሳ ግን 4000 በ6000 ነው፣ ስፋቱ 2000 ሲሆን ቁመቱ 3000 ሆኖ ቁጭ ይላል። መፍትሔው እዛው አውቶሜት ውስጥ ያለው ፊት ኢሜጅ (Fit Image) ነው። ሁለቱም ሳጥን ላይ 2000 ጻፉ። ፎቶው ቢቆምም ቢተኛም ረጅሙ ጎኑ 2000 ይሆናል፣ አጭሩ ተከትሎ ይመጣል። ትንንሽ ፎቶዎችን እንዳይለጥጥ የሚከለክለውን ምልክትም አድርጉ።

ሻርፕ ሁልጊዜ ከመጠን በኋላ ነው። በፊት ካደረጋችሁት መጠኑ ሲቀንስ ግማሹ ይጠፋል።

ሎጎውን ሰከን ብለን እንየው። ፋይል ውስጥ ፕሌስ ኢምቤድድ ብላችሁ የሎጎውን ፒኤንጂ አስገቡ፣ ኢንተር ተጫኑ። አክሽኑ የፋይሉን አድራሻ ስለሚይዝ ሎጎውን ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ቦታው በማይቀየር ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። አሁን ሎጎው መሀል ላይ ነው። እጃችሁ በማውስ ጎትቶ ጥግ ሊያስይዘው ይፈልጋል፤ አትጎትቱት። ከጎተታችሁት አክሽኑ «950 ፒክስል ወደ ቀኝ» ብሎ ይይዝና በቁም የተነሳው ፎቶ ላይ ሎጎው ከፎቶው ውጪ ይሄዳል፣ እናንተም ሎጎው የት እንደገባ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። በምትኩ ኮንትሮል እና ኤ ተጫኑ፣ ሙሉው ፎቶ ይመረጥ። ከዛ ሌየር ሜኑ ውስጥ አላይን ሌየርስ ቱ ሰሌክሽን ገብታችሁ መጀመሪያ የቀኝ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የታች ጠርዝ። ሎጎው ጥጉን ይይዛል። ምርጫውን በኮንትሮል እና ዲ አጥፉት። አሁን ሙቭ ቱሉን ይዛችሁ ሺፍት ተጭናችሁ በቀስት ቁልፍ አራት ጊዜ ወደ ግራ፣ አራት ጊዜ ወደ ላይ ብትገፉት 40 ፒክስል ከጠርዙ ይርቃል። ይሄ ግፊትም በቁጥር ነው የሚቀረጸው፣ ግን መነሻው ጥጉ ስለሆነ የትኛውም ፎቶ ላይ ልክ ይሆናል።

ሌየር፣ ማለትም እንደ ሎጎው ፎቶው ላይ የሚደረብ ንብርብር፣ መምረጥም እንደዚሁ ወጥመድ አለው። ሌየሩን በማውስ ክሊክ ካደረጋችሁ አክሽኑ ስሙን ይይዛል፣ ቀጣዩ ፎቶ ላይ በዛ ስም ሌየር ከሌለ «የለም» ብሎ ይቆማል። ኦልት ይዛችሁ በቅንፍ ቁልፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ብትዘሉ ግን የሚይዘው «ቀጣዩ» እና «የበፊቱ» የሚለውን ነው።

በመጨረሻ ፍላተን ኢሜጅ (ሌየሮቹን አንድ ላይ የሚያዋህደው)፣ ከዛ ሴቭ አዝ፣ ጄፔግ፣ ጥራት ከ12ቱ 10 ያህል፣ ወደ ባዶው ፎልደር። ፍላተኑን አትዝለሉት፤ አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ ሌየር ያለው ፋይል ሴቭ አዝ ውስጥ ጄፔግን አያሳይም። የፋይሉን ስም አትንኩ። ስቶፕ በሉ።

አንድ ስቴፕ ከተበላሸ ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት የለም። ስቴፑን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ቁጥሩን መቀየር ትችላላችሁ፣ ወይ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ መጎተት። ከስቴፑ በስተግራ ያለችው ትንሿ የዳያሎግ ሳጥን ደግሞ ብዙ ሰው የማያያት ነገር ናት። እሷን ካበራችሁ አክሽኑ እዛ ስቴፕ ላይ ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ ይጠብቃችኋል፤ እናንተ በዓይናችሁ የሻርፑን መጠን ትወስናላችሁ፣ ኦኬ ስትሉ የቀረውን እሱ ይጨርሳል። 300 ፎቶ ላይ አይመከርም፣ ለ20 ግን ቆንጆ ነው።

ከዛ ሞክሩት፤ ግን ሪከርድ ያደረጋችሁበት ፎቶ ላይ አይደለም፣ እሱ ላይማ ይሠራል። አንድ በቁም፣ አንድ በአግድም፣ አንድ ትንሽ፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፈልጉ። ሁሉም ላይ ከሄደ ሌላውም ላይ ይሄዳል። የሆነ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ የአክሽን ፓነሉ ሜኑ ውስጥ ፕሌይባክ ኦፕሽንስ አለ፣ ስቴፕ ባይ ስቴፕ አድርጉትና የት እንደሚስት እዩት። በቁም ለተነሱት ሌላ አሠራር ከፈለጋችሁም እዛው ሜኑ ውስጥ ኢንሰርት ኮንዲሽናል አለ፤ «ፎቶው በቁም ከሆነ ይሄን አክሽን፣ ካልሆነ ያንን አጫውት» ትሉታላችሁ።

አሁን ባች። ፋይል፣ አውቶሜት፣ ባች። ከላይ ሴቱንና አክሽኑን ምረጡ፣ ሶርስ ላይ የሚገቡት ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር። የፋይል መክፈቻ ጥያቄዎችንና የቀለም ፕሮፋይል ማስጠንቀቂያዎችን ዝም የሚያሰኙትን ሁለቱን ምልክቶች አድርጉ፣ ካልሆነ በየፎቶው ኦኬ ስትሉ ልታመሹ ነው። ዴስቲኔሽን ላይ ፎልደር በሉና ባዶውን ስጡት። ቀጥሎ ኦቨርራይድ አክሽን ሴቭ አዝ ኮማንድስ የሚለው አለ፤ እሱንም ምልክት አድርጉ። ትርጉሙ ጥራቱንና ፎርማቱን ከአክሽኑ ውሰድ፣ ስሙንና ቦታውን ግን እኔ እዚህ ከነገርኩህ ማለት ነው። ይሄ ምልክት ኖሮ አክሽኑ ውስጥ ሴቭ አዝ ከሌለ ፎቶሾፕ እየከፈተ፣ እየሠራ፣ ምንም ሳያስቀምጥ ይዘጋዋል። ሴቭ አዝ ኖሮ ምልክቱን ከረሳችሁት ደግሞ አክሽኑ ሪከርድ ወደተደረገበት ቦታ ማስቀመጡን ይቀጥላል። ሴቭ ፎር ዌብን ሪከርድ ካደረጋችሁም ይሄ ምልክት አይነካውም፣ ስለዚህ ለባች ሴቭ አዝን ያዙ።

ከታች ስህተት ሲያጋጥም ምን ይሁን የሚል አለ። እንዲያቆም ካደረጋችሁት እናንተ ዞር ባላችሁበት ሰባተኛው ፎቶ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ስህተቱን ፋይል ላይ እየጻፈ እንዲቀጥል አድርጉት፣ ከዛ የቀሩትን ለይታችሁ በእጅ ጨርሱ።

የምትፈልጉት መጠን መቀነስና ጄፔግ ማድረግ ብቻ ከሆነ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ፋይል፣ ስክሪፕትስ፣ ኢሜጅ ፕሮሰሰር፤ ፎልደሩን፣ ስፋቱንና ቁመቱን ስጡት፣ ምልክቱን ካደረጋችሁለት ወደ ኤስአርጂቢም ይቀይራል፣ አለቀ። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ድሮፕሌት ይሥራ። አውቶሜት ውስጥ ነው ያለው፤ አክሽኑን አይከን አድርጎ ይሰጣችኋል፣ ፎልደሩን ጎትታችሁ እሱ ላይ ስትጥሉት ፎቶሾፕ ራሱ ተከፍቶ ይጀምራል። ፎቶሾፕ የሌላችሁ ኤክስኤንኮንቨርትን ወይም ኢርፋንቪውን እዩ፣ ሁለቱም መጠን መቀነስንና ፎርማት መቀየርን ለብዙ ፎቶ ባንዴ ይሠራሉ። አፊኒቲ ፎቶም የራሱ ማክሮ (እንደ አክሽን ያለ) እና ባች አለው።

አክሽኑ አንዴ ከሠራላችሁ ፎቶሾፕን ሳትዘጉ አስቀምጡት። ፎቶሾፕ አዳዲስ አክሽኖችን በደንብ ሲዘጋ ነው የሚይዘው፣ መሀል ላይ ክራሽ ካደረገ የለፋችሁበት አብሮ ይሄዳል። በፓነሉ ሜኑ ውስጥ ሴቭ አክሽንስ የሚለው ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ አክሽኑን መርጣችሁ ነው፤ ከላይ ያለውን ሴት ምረጡ፣ ይከፈታል። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትወስዱት የሎጎውንም ፒኤንጂ አብራችሁ ውሰዱና እዛ ሎጎውን የሚያስገባውን ስቴፕ አንዴ ደግማችሁ ሪከርድ አድርጉት፣ አድራሻው ይቀየራላ።