ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን በካንጋሮ እንክብካቤ ማቀፍ

ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘም ለማደግ የሚያስፈልገውን ኃይል ራሱን ለማሞቅ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አደረጓቸው። ሕፃኑን እንዲህ ገላ ለገላ በደረት ላይ ማቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል፤ ዛሬ ዘዴው መሣሪያ ላላቸው ሆስፒታሎችም ይመከራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ሕፃኑ በጽኑ ካልታመመ በቀር ከወሊድ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይላል።

ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ይልበስ። ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ከነልብሱ ማቀፍ ነው፤ ያኔ ሙቀቱ የሚሻገርበት ገላ ተሸፈነ ማለት ነው። እርስዎም ከፊት የሚከፈት ልብስ ይልበሱ፤ የጡት መያዣውን ያውልቁ።

በሁለቱ ጡቶችዎ መካከል ቀጥ አድርገው ደረቱን በደረትዎ ላይ ያስተኙት። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ፣ እጆቹም ይታጠፉ። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዙረው አገጩን በጥቂቱ ቀና ያድርጉ። ይህችን ነገር አደራ፦ አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። ከዚያ ሁለት ጊዜ በሚዞር ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሰሩት፤ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይዋል። ሲነሱ እንዳይንሸራተት ደረቱ ላይ ጠበቅ ይበል፤ ሆዱ ላይ ግን ላላ ይበል፣ ጨቅላ የሚተነፍሰው በሆዱ ነውና። አንቀልባ በጀርባ ስለሆነ ፊቱን ማየት አይቻልም፤ ለዚህ አይሆንም።

ሲተኙ በጀርባዎ ጠፍጣፋ አይሁኑ፤ ትራስ ደራርበው ከወገብ በላይ ቀና ይበሉ። አንዴ ካቀፉት ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ፤ ቶሎ ቶሎ ማውጣትና ማስገባት ያውከዋል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡ ጠያቂዎች እንያው ሲሉ ሕፃኑ ከደረት መውጣት የለበትም። ሲደክምዎ ወይም ሲታጠቡ ባልዎ ወይም እናትዎ ገላቸውን ለገላው ሰጥተው ይተኩዎት።

በየ2 እስከ 3 ሰዓት ያጥቡት፤ ቢተኛም ይቀስቅሱት። መጥባት ካልቻለ ወተቱን አልበው በትንሽ ሲኒ ይስጡት፤ የሲኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፈው እሱ ራሱ ይላሰው እንጂ አፉ ውስጥ አያፍስሱ፣ ትን ይለዋል። ቢጫው እንገር አይደፋ። ቅቤ ማስዋጥም ሆነ የስኳር ውኃ መስጠት ይቅር። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 15 ግራም ገደማ መጨመር አለበት፤ 1,800 ግራም የሆነው 27 ግራም ያህል ማለት ነው።

የብብቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ እግሩንና ሆዱን ይንኩ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርድ ጀምሮታል። ትንፋሹ ከቆመ፣ በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ካቆመ ወይም በገላዎ አልሞቅ ካለ እንደታቀፈ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

2,500 ግራም አካባቢ ሲደርስ መወራጨት፣ እጁንና እግሩን ማውጣት፣ ሲያስሩት ማልቀስ ይጀምራል። ያኔ አያስገድዱት።