የላይኛውን ከባቢ አየር ነፋስ በትንሽ ሳተላይት እንዴት መለካት ይቻላል?

በ250 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነፋስ በሰከንድ 100 ሜትር ቢጓዝ ብርቅ አይደለም። ፊኛ እዚያ አይደርስም፤ አየሩም እጅግ ስስ ስለሆነ ምድር ላይ የምናውቀው የነፋስ መለኪያ አይዞርበትም። ስለዚህ የሚለካው በብርሃን ነው። የኦክስጅን አቶም የሚያወጣው ብርሃን ነፋሱ ወደ እኛ ሲመጣ የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል፣ ሲርቅ ይረዝማል። ለውጡ ግን ኢምንት ነው፤ ለ100 ሜትር በሰከንድ ነፋስ 0.0002 ናኖሜትር ብቻ። በዚህ መጠን ላይ ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ የሳተላይቱ ፍጥነትም ነፋስ መስለው ይነበባሉ። ዋናው ሥራ እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ ማስወጣት ነው።

1. ብርሃኑን ምረጡ። አረንጓዴው (557.7 ናኖሜትር) ሌሊት በአብዛኛው ከ97 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ቀዩ (630.0) ከ250 አካባቢ። ለመጀመሪያ ሥራ ቀዩን በሌሊት እንመክራለን፤ ከመሬት መሣሪያዎች ጋር ለማመሳከር ይመቻል። በምድር ወገብ አካባቢ አመሻሽ ላይ አዮኖስፌሩ (የላይኛው ከባቢ አየር በኤሌክትሪክ የተሞላው ክፍል) ሽቅብ ሲነሳ ቀዩ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ለአንድ ምስል እስከ 60 ሰከንድ ብርሃን ማጠራቀም ያስፈልጋል።

2. ኢታሎኑን አዘጋጁ። ኢታሎን የሞገድ ርዝመትን ጥቃቅን ለውጥ የሚያሳየን መሣሪያ ሲሆን፣ ብርሃንን በከፊል የሚያንጸባርቅ ሽፋን ያላቸው፣ ፍጹም ትይዩ የሆኑ ሁለት መስተዋቶች ነው። መሃላቸውን የሚይዘው ድጋፍ ከአሉሚኒየም አይሠራ፤ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት የሚለጠጠው ወደ 7,000 ሜትር በሰከንድ ሐሰተኛ ነፋስ ይሆናል። ዜሮዱር የተባለው፣ በሙቀት እምብዛም የማይለጠጥ የሴራሚክ ብርጭቆ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሙቀቱን በ0.1 ዲግሪ ውስጥ ጠብቁለት። ምድር ላይ ስትሞክሩ መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው እንዳይቆም በዩፒኤስ በኩል አያይዙት።

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ባለ ክፍል ውስጥ ስትሞክሩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአየር ግፊት ነው። በመስተዋቶቹ መካከል አየር ካለ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ 80 ሜትር በሰከንድ ያህል ይመስላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ግፊቱ በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጥቂት ሄክቶፓስካል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚታየው "ነፋስ" ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ከዚህም በላይ በከተማዋ አየር ውስጥ የተስተካከለ ኢታሎን ጠፈር ሲገባ ንባቡ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚያህል ይዘላል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ አየሩ በተመጠጠ ታንክ ውስጥ ይሁን፤ ይህን ደረጃ መዝለል ፈጽሞ አይገባም። ለማመሳከሪያ የኒዮን መብራት አብሮ ይጫን፤ 630.48 ናኖሜትር ላይ ያለው መስመሩ ለቀዩ ቅርብ ነው።

3. ሁለት ዓይን ስጡት። አንድ እይታ የሚያሳየው በእይታው መስመር ላይ ያለውን የነፋስ ክፍል ብቻ ነው። ከጉዞው አቅጣጫ አንዱን በ45፣ ሌላውን በ135 ዲግሪ አድርጉ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የተመጠቀው የናሳ አይኮን ሳተላይት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር ምህዋር የ250ውን ከፍታ ለማየት ከአግድም መስመር 15.5 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ቦታው 1,840 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የፊተኛው ዓይን ያየውን ቦታ የኋለኛው የሚያየው ከ6 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ነፋሱ በዚያ መሃል ከተለወጠ ስሌቱ ይዛባል፤ ጀምበር መጥለቂያ ላይ ይህ በተለይ ያሰጋል።

4. የሳተላይቱን ፍጥነት ከንባቡ ላይ ቀንሱ። ከ7.6 ኪሎ ሜትር በሰከንዱ ውስጥ 5.2ው በእይታው መስመር ላይ ይወድቃል። የአግድም አቅጣጫው በ0.1 ዲግሪ ቢሳሳት 9 ሜትር በሰከንድ የሌለ ነፋስ ይወለዳል። ኮከብ እያየ አቅጣጫ የሚያውቅ ካሜራ ከኢታሎኑ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይታሰር፤ በሳጥኑ ሌላ ጎን ከተሰቀለ ፀሐይ ሳጥኑን ባጣመመች ቁጥር አቅጣጫው ይስታል። የምድርን መዞርም አትርሱ፤ በወገቡ ላይ በዚያ ከፍታ 480 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው።

5. ዜሮውን (ነፋስ ባይኖር መሣሪያው የሚያሳየውን ንባብ) ፈልጉ። ነፋስ የሌለበት ሰማይ ስለማይገኝ ሳተላይቱን በ180 ዲግሪ አዙራችሁ ያንኑ አካባቢ ከተቃራኒ ወገን ተመልከቱ። እውነተኛው ነፋስ ምልክቱን ይለውጣል፤ የመሣሪያው ስህተት ባለበት ይቆያል።

6. ከመሬት አመሳክሩ። ባሕር ዳር ላይ የተተከለው ፋብሪ-ፔሮ መሣሪያ (እሱም በኢታሎን የሚሠራ) ይህንኑ ቀይ ብርሃን ይለካል። ደመና የሌለባቸውን ሌሊቶች ብቻ ምረጡ፤ ሐምሌና ነሐሴን ተዉአቸው። ሳተላይቱ የሚያየው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተዘረጋውን አየር አማካይ ነፋስ ስለሆነ፣ የአንድ ሌሊት ልዩነት ሳይሆን የብዙ ሌሊቶች አማካይ ይነጻጸር።