በዝናብ ከኋላህ የተለጠፈ መኪና፤ ሞተረኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ነው። አስፋልቱ ረጥቧል፣ የሄልሜትህ መስታወት ጉም ለብሷል፣ ከኋላህ ደግሞ አንድ ሚኒባስ ታርጋህን በቃሉ ሊይዝ የፈለገ ይመስል ተለጥፎብሃል። መገናኛም ይሁን ሳሪስ፣ ሐዋሳም ይሁን ባሕር ዳር፣ ሞተር የሚነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንግባባ። ከኋላ ያለውን ሾፌር ማረም አትችልም። ትራፊክ ፖሊስ አይደለህም፣ አባቱም አይደለህም። በእጅህ ያለው የራስህ ፍጥነት፣ አስፋልቱ ላይ የያዝከው ቦታና ከፊትህ ያለው ክፍተት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይሄን ረስቶ ሰውየውን ለመቅጣት ወይም ከሱ ለማምለጥ ከመሞከር ነው።

ስህተት 1፦ ከፊት ያለውን ክፍተት መብላት

ትልቁ ይሄ ነው። ከኋላ ሲጠጉህ ሳይታወቅህ ወደ ፊት ትሸሻለህ። ትንሽ ነዳጅ፣ ትንሽ ነዳጅ፣ ከዚያ ከፊትህ ካለው መኪና ጋር ተጣብቀህ ራስህን ታገኘዋለህ። አሁን መሃል ገብተሃል፤ የፊቱ ድንገት ቢቆም አንተም ድንገት መቆምህ ነው፣ አንተ ድንገት ከቆምክ ደግሞ የኋላው አናትህ ላይ ነው።

ማድረግ ያለብህ ተቃራኒውን ነው። ከኋላ በተጠጉህ ቁጥር ከፊት ያለውን አስፋ። ከፊትህ ሰፊ ቦታ ካለ ፍሬን አጥብቀህ መያዝ አያስፈልግህም፣ ቀስ ብለህ ትቀንሳለህ፣ አንተ ቀስ ብለህ ስትቀንስ የተለጠፈብህም ሰውዬ ቀስ ብሎ ለመቀነስ ጊዜ ያገኛል። እሱ ያልተወውን ርቀት አንተ ከፊትህ ታስቀምጥለታለህ ማለት ነው። ፍትሐዊ ነው? አይደለም። ግን ይሠራል።

ስንት ይበቃል? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በየሰከንዱ 14 ሜትር ገደማ ትጓዛለህ። አደጋውን አይተህ ጣትህ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ 14 ሜትሩ ሄዷል፣ ገና መቀነስ አልጀመርክም። በደረቅ መንገድ ሁለት ሰከንድ ርቀት ይባላል። በዝናብ እጥፍ አድርገው፤ አራት ሰከንድ፣ በዚህ ፍጥነት 55 ሜትር አካባቢ። ሜትር በዓይን መገመት ከባድ ስለሆነ ሰከንድ ቁጠር። የፊቱ መኪና አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ ትጀምራለህ፣ አንተ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ሳትቸኩል አራት ካልቆጠርክ ቅርብ ነህ።

አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ይሄን ያህል ቦታ ከተውክ አንድ ቪትስ ዘው ይልበታል። ይግባ። ትንሽ ቀንስና ክፍተትህን እንደገና መልስ። ቀኑን ሙሉ ቢገቡብህ እንኳ የምትዘገየው ያን ያህል አይደለም።

ፍጥነት ጨምሮ ማምለጥም እዚሁ ይገባል። 50 ስትሄድ የተለጠፈብህ ሰው 70 ስትሄድም ይለጠፍብሃል። ልዩነቱ አሁን በእርጥብ አስፋልት ላይ 70 እየሄድክ መሆኑ ነው።

ስህተት 2፦ መብራት ሳያሳዩ በማርሽ ማብረድ

ይሄን ብዙ ልምድ ያላቸው ሞተረኞችም ልብ አይሉትም። ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ወይም ማርሽ ስትቀንስ ሞተርህ በደንብ ፍጥነት ይቀንሳል። የፍሬን መብራትህ ግን አይበራም። ከኋላ ያለው ሾፌር በዝናብ መጥረጊያው መሃል የሚያየው ያው አንድ ቀይ ነጥብ ነው፣ እየቀረበው መሆኑን የሚያውቀው በጣም ከቀረበው በኋላ ነው።

በዝናብ ማርሽ ቀንሶ ማብረድ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ከመቀነስህ በፊት ፍሬኑን ጎማው ሳይያዝ መብራቱ ብቻ እስኪበራ ነካ ነካ አድርገው። ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ሲል ሰው ያያል።

አሁን ጥያቄው መብራቱ ይሠራል ወይ ነው። በአብዛኛው ሞተር ላይ የእጅና የእግር ፍሬን ለየብቻ የመብራት ማብሪያ አላቸው፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ማታ ግድግዳ ጀርባ ሰጥተህ አቁምና አንዱን ያዝ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ግድግዳው ሲቀላ ታየዋለህ። በዚያው ሌላም ነገር እይ፤ ዕቃ የምታደርስ ከሆነ ሳጥኑ ወይም ሸራው መብራቱን ሸፍኖት እንደሆነ፣ የዝናብ ልብስህ ጫፍ ተንጠልጥሎበት እንደሆነ። የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ ገዝቶ ጥቁር ካፖርት ከላይ የሚደርብበት ሰው ደግሞ ስንቱ ነው! ሰደርያው ከላይ ነው የሚለበሰው።

ስህተት 3፦ «ላስደንግጠው» ብሎ ፍሬን መርገጥ

መብራት ማሳየት ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ተናደህ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ሁለት ነገር ላይ ቁማር ትጫወታለህ። አንደኛው የራስህ ጎማ ነው፤ ከተማ ውስጥ በብዛት የምናያቸው እንደ ቦክሰር ያሉ ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላቸውም፣ በእርጥብ መንገድ የፊት ጎማ ከተቆለፈ ወዲያው መሬት ላይ ነህ። ሁለተኛው የሰውየው ጎማ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ የተጫነ ሚኒባስ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ፣ ሬዲዮ የሚነካካ ሾፌር። እሱ ቢደነግጥ መኪናው አይደነግጥም፣ ይንሸራተታል።

ክላክስ መደብደብ፣ እጅ ማወናጨፍ፣ ዞር ብሎ መሳደብም ያው ነው። በዚያ ሰዓት ሁለቱም እጆችህ መሪው ላይ ያስፈልጉሃል።

ስህተት 4፦ ስፖኪዮ ላይ ተተክሎ መቅረት

ከኋላህ ያለው ነገር ሲያስፈራህ ዓይንህ እዚያው ይቀራል። በክረምት ግን ከፊትህ ያለው ነው ቶሎ የሚጥልህ። ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል፣ የብረት ክዳኑ ራሱ፣ የዜብራ ቀለም፣ ከሚኒባስ መቆሚያ ፊት የፈሰሰ ዘይት፣ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን የምትታጠፍበት ቦታ። ሁሉም ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። ከደረቅ ሰሞን በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ይብሳል፣ አቧራውና ዘይቱ ገና አልታጠበማ። ስፖኪዮውን አየት አድርገህ ወደ ፊት ተመለስ።

ስህተት 5፦ ጥግ ይዞ መንገድ መልቀቅ

«እለፍ በቃ» ብሎ የመንገዱን ጠርዝ መያዝ ጨዋነት ይመስላል። በክረምት ግን ጠርዙ ላይ ነው ውሃው የሚተኛው፣ ጭቃውም አሸዋውም እዚያው ነው፣ ፍሳሽ መውረጃዎቹም እዚያው ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ጥግ ስትይዝ ሾፌሩ አጠገብህ የበቃ ቦታ ያለ ይመስለውና እዚያው መስመርህ ውስጥ ታኮህ ሊያልፍ ይሞክራል። እግረኛ ሲዘልብህ ወይም ጉድጓድ ሲመጣብህ መሸሻ የለህም።

መስመርህን ያዝ። ጥሩው ቦታ የፊቱ መኪና ጎማዎች የሄዱበት ነው፤ ውሃውን ገፍተውታል፣ የመስመሩ መሃል ላይ የሚንጠባጠበው ዘይትም የለበትም። ከሁለቱ የጎማ መንገዶች በግራ ያለው ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ በፊቱ ሾፌር ስፖኪዮም ትታያለህ።

ማሳለፍ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አሳልፈው። ግን ቦታውን አንተ ምረጥ። መንገዱ ሰፋ ሲል፣ ሁለተኛ መስመር ሲገኝ፣ ወይም ነዳጅ ማደያ ጋ ቀድመህ ፍሬቻ አብርተህ፣ ቀጥ ብለህ እየሄድክ ቀንሰህ ትወጣለታለህ። ኩርባ ላይ አይሆንም፣ ዜብራው ቀለም ላይም አይሆንም።

ሚኒባስ ከሆነ ያሳለፍከው ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሳ። አሁን ከፊትህ ያለው እሱ ነው፣ ከሃምሳ ሜትር በኋላ አንዱ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ሊል ይችላል፣ ሲል ደግሞ ያለምንም ፍሬቻ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ካሳለፍከው በኋላ እስኪርቅ ጠብቅ። በስተቀኙ ሾልኮ ማለፍ የሚባል ነገር ጭራሽ አታስበው፣ በሩ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው።

ስህተት 6፦ መብራት ላይ ተዘናግቶ መቆም

ቀይ ሲበራ ከፊትህ ካለው መኪና መሃል ለመሃል ተጠግተህ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ስልክህን ታያለህ። ከኋላህ የሚመጣው መኪና ግን ገና አልቆመም። በእርጥብ መንገድ «ደርሶ ይቆማል» ያልከው ሳይቆም ሊመጣ ይችላል።

ከፊትህ የአንድ መኪና ያህል ቦታ ተው፣ ትንሽ ወደ ጎን ሁን፣ ማርሽ አንድ ላይ ሆነህ ፍሪሲዮን ያዝ፣ ፍሬኑንም ነካ ነካ እያደረግክ መብራትህን አሳይ። ስፖኪዮ በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ከኋላህ አንድ ሁለት መኪና ከቆመ በኋላ ዘና በል።

ስህተት 7፦ ድልድይ ስር ድንገት መጠለል

በቀለበት መንገድ ዝናቡ ሲጠና ሞተረኛ ሁሉ ድልድይ ስር ይከማቻል። አልፈርድም፣ በረዶ ሲቀላቀል ማን ይችላል። ችግሩ አገባቡ ነው፤ ድልድዩ ሲታይ ድንገት ፍሬን ይዞ መስመሩ ላይ መቆም። ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚገባው ሾፌር አንተን የሚያይህ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ቀድመህ ፍሬቻ አሳይ፣ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣ፣ የሚወጣበት ቦታ ከሌለ ፍጥነትህን ቀነስ አድርገህ እስከሚቀጥለው መውጫ ሂድ። መብራትህን አታጥፋ።

ስህተት 8፦ ቁልቁለት ላይ ከጭነት መኪና ጋር እልህ መያዝ

ይሄ ለክፍለ ሀገር ሰው ነው። ጣርማ በርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ከኋላህ የተጫነ ሲኖ ቢመጣ «ይጠብቅ» አትበል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ እየጋለ ይደክማል፣ ስለዚህ የተጠጋህ ላለመቆም ፈልጎ ሳይሆን መቆም አቅቶት ሊሆን ይችላል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ በክረምት ጉሙ ወፍራም ነው፣ መብራቱን የምታየው አጠገብህ ሲደርስ ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ውጣና ከባዶቹን አሳልፍ። ካለፉ በኋላም ወዲያው አትከተል። የጎማቸው ርጭት የሄልሜትህን መስታወት በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሱ ረገብ እስኪል ቆይ። ውሃ ውስጥ አልፈህ ከሆነ ደግሞ ከመውረድህ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ለስለስ አድርገህ እየያዝክ ጥቂት ሜትር ሂድና አድርቃቸው፣ በተለይ የኋላው ዲስክ ሳይሆን ድራም (የተዘጋው ከበሮ መሳይ) ፍሬን ከሆነ ሲረጥብ መጀመሪያ ላይ በደንብ አይዝም።